ያለ ፒት የአበባ ማሰሮ ድብልቅ እንዴት ይዘጋጃል?

ከውጭ የመጣ የቤት ውስጥ ተክል ገዝቶ ከማሰሮው ያወጣ ሰው በሥሩ ዙሪያ የሚያገኘው የምናውቀውን አፈር ሳይሆን ቀለል ያለ፣ ቡናማና ጭረታማ ነገር ነው። ይህ ፒት ይባላል። ፒት በቀዝቃዛ አገሮች ረግረጎች ውስጥ ስፋግነም የተባለው ሞስ (እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚበቅል ለስላሳ ዕፅ) አየር በማያገኝበት ውሃ ሳይበሰብስ እየተደራረበ ሲቀር የሚፈጠር ሲሆን፣ በዓመት በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚወፍር 1 ሜትር ለመድረስ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እንዲህ ያሉ ረግረጎች ከምድር የብስ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ቢሸፍኑም ያመቁት ካርቦን በዓለም ደኖች ዕፅዋት ውስጥ ካለው ይበልጣል፤ ውሃቸው ተንጠፍጥፎ ሲቆፈሩም ያ ካርቦን ወደ አየር ይወጣል። በአውሮፓ አጠቃቀሙን ለመቀነስ የሚደረገው ግፊት የመጣው ከዚህ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለጓሮ አትክልተኞች የሚሸጠው ፒት በ2024 እ.ኤ.አ. እንደሚታገድ በ2022 አስታውቆ ነበር፤ ሕጉ ግን በተባለው ጊዜ አልወጣም።

ለኢትዮጵያ ችግኝ አፍይና ለበረንዳ አበባ አብቃይ ምክንያቱ ከዚህም የቀረበ ነው፤ ፒት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው ይከብዳል፣ በተፈለገ ጊዜም ላይገኝ ይችላል። ሆኖም ፒት ሲጠፋ ብዙ ሰው የሚሄድበት አቋራጭ፣ ማለትም ከደን ውስጥ የላይኛውን ጥቁር አፈር በጆንያ ጠርጎ ማምጣት፣ መፍትሔ አይደለም። እንደየቦታው ቢለያይም፣ በችግኝ ጣቢያዎቻችን የተለመደው 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የደን አፈርና 1 እጅ አሸዋ የሚለው ቀመር ለዛፍ ችግኝ ጊዜያዊ ፕላስቲክ ታስቦ የወጣ እንጂ ለዓመታት በማሰሮ ለሚኖር ጌጠኛ ተክል የተሠራ አይደለም። ከዚያም በላይ፣ የሌላውን አገር ረግረግ ላለመንካት የራስን ደን ገላልጦ መተው ጉዳቱን ከቦታ ቦታ ከማዛወር አያልፍም።

ፒት የሚሠራቸው ሥራዎች

ምትክ ፍለጋ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ፒትን በአንድ ነገር ልንተካው ስንነሳ ነው። ፒት ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ውሃ ይይዛል፣ ውሃ ይዞም አየር አያሳጣም፣ ቶሎ ስለማይበሰብስ በማሰሮው ውስጥ አይሰምጥም፤ በተፈጥሮው አሲዳማና ከምግብ ንጥረ ነገር ባዶ ስለሆነም አብቃዩ የሚፈልገውን ብቻ ሊጨምርበት ይችላል። በአገራችን እነዚህን ሁሉ አሟልቶ የያዘ አንድ ነገር የለም። ስለዚህ ሥራዎቹን ለሦስት ወገን ማከፋፈል ይገባል፦ አንዱ ውሃ የሚይዝ ጭረታማ አካል፣ ሁለተኛው አየር የሚያስገባ ጠጣር ፍርፋሪ፣ ሦስተኛው በጥቂቱ የሚገባ ምግብ ሰጪ ብስባሽ። በዚህ ክፍፍል ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ነው። ብስባሽ ጥሩ ስለሆነ በበዛ ቁጥር ይበልጥ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ብስባሽ ከጠቅላላው መጠን ከሩብ ካለፈ ጨው ይበዛበታል፣ እየረቀቀ ሄዶም የአየር ክፍተቱን ይደፍናል። የብስባሽ ቦታው ከምግቡ በኩል እንጂ ከመሠረቱ በኩል አይደለም።

ውሃ የሚይዘው አካል

ኮኮፒት ለፒት በጠባዩ የሚቀርበው ነው። የኮኮናት ልባስ ሲፈተግ የሚቀረው ብናኝ ሲሆን በብዛት ከሕንድና ከስሪላንካ በጡብ መልክ ተጨምቆ ይመጣል። 5 ኪሎ የሚመዝነው ጡብ ውሃ ሲጠጣ ከ60 እስከ 70 ሊትር ይሆናል። ኮኮናት የባሕር ዳርቻ ተክል በመሆኑና ልባሱ አንዳንዴ በጨዋማ ውሃ ስለሚዘፈዘፍ፣ ርካሹ ዓይነት ሶዲየምና ፖታሲየም ይበዛበታል። ስለዚህ ከተነፋ በኋላ የሚወርደው ውሃ የሻይ ቀለሙ እስኪቀንስ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ከዚያም 100 ግራም ያህል ካልሲየም ናይትሬት በውሃ አሟሙተው በ5 ኪሎው ላይ ያፍስሱ፤ አንድ ሌሊት አሳድረውም እንደገና ያለቅልቁት። ካልሲየሙ በጭረቱ ላይ የተጣበቀውን ሶዲየም ገፍቶ ያስለቅቀዋል። ይህ ካልተደረገ ኮኮፒቱ በኋላ ለተክሉ የምንሰጠውን ካልሲየም ለራሱ ይይዘዋል። ኮኮፒትም ከውጭ የሚመጣ ነው፤ እዚህ የሚነሳው ለፍል ማፍያና አሲድ ለሚወዱ ተክሎች በጥቂቱ ቢኖር ስለሚጠቅም ነው።

የአገር ውስጡ ዋና ተተኪ ሰጋቱራ ነው። በየእንጨት ሥራ ቤቱ ደጃፍ ተከምሮ ይገኛል፤ ነገር ግን ከየትኛው እንጨት እንደ ወጣ ሳይጠየቅ መውሰድ አይገባም። ኤምዲኤፍና ቺፕውድ ከሚቆርጥ ቤት የሚገኘው ብናኝ ሙጫ ስላለበት ፈጽሞ አይወሰድም፤ ፀረ ምስጥ ከተቀባ ጣውላ የወጣውም እንዲሁ ነው። የፈረንጅ ጽድ ሰጋቱራ ጥሩ ነው። የባሕር ዛፍ ግን ሥር የሚጎዱ ቅመሞች ስላሉት ሳይብላላ አይነካም።

ጥሬ ሰጋቱራ ሌላም ችግር አለው። ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ በብዙ መቶ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ሊያበሰብሱት የሚመጡት ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ከተክሉ አፍ ይነጥቃሉ። ስለዚህ አስቀድሞ መብላላት አለበት። ለ10 ኪሎ ደረቅ ሰጋቱራ 200 ግራም ያህል ዩሪያ በውሃ አሟሙተው ሁሉንም እስኪያዳርስ ያርከፍክፉ። በጭብጥ ይዘው ሲጨምቁት ጠብታ ብቅ እስኪል እንጂ እስኪፈስ አይርጠብ። ከዚያ ከምረው በፕላስቲክ ይሸፍኑትና በየሁለት ሳምንቱ ያገላብጡት። ሙቀቱን ለማወቅ ቀጭን ፌሮ ብረት ወደ ክምሩ መሐል ይሰክና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይነቀላል፤ በእጅ ለመያዝ ካስቸገረ ክምሩ እየሠራ ነው። የአረም ዘርና በሽታ ለመግደል ከ55 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ቀናት መቆየት አለበት። ዳርና ዳሩ ይህን ሙቀት ስለማያገኝ በየመገላበጡ ወደ መሐል ይግባ። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ከተገላበጠም ወዲያ የማይሞቅ ከሆነ፣ ቀለሙ ጠቁሮ የእንጨት ሽታው ወደ ዝናብ ያገኘው አፈር ሽታ ከተለወጠ ለሥራ ደርሷል።

የቡና ገለባም ብዙ ነው። በጅማ፣ በዲላና በሌሎች ቡና አምራች አካባቢዎች ከጀንፈል መፈልፈያዎች አጠገብ የሚከመረው ገለባ ብዙ ቦታ ይቃጠላል ወይም ወንዝ ውስጥ ይገባል። ጥሬው ካፌይንና ታኒን ስላለው ለጋ ሥር ያቃጥላል። ከሩብ ያህል የከብት ፍግ ጋር ተደባልቆ ከሦስት እስከ አራት ወር ከተብላላ ግን ጭረታማና ጥቁር የሆነ ጥሩ ውሃ ያዥ ይሆናል። ፖታሲየሙ ከፍተኛ ስለሆነ ከድብልቁ ሲሶውን ባያልፍ ይመረጣል፤ የተሻለው መንገድ ከሰጋቱራ ጋር እኩል አድርጎ ማስገባት ነው። የጤፍ ጭድ ደግሞ በፍጥነት በስብሶ ማሰሮውን ስለሚያጎድል፣ ከዚያም በላይ ለከብት መኖና ለጭቃ ቤት ልስን የሚፈለግ ስለሆነ ለዚህ ሥራ መዋሉ አያዋጣም።

ስለ እንቦጭ በተለይ መናገር ያስፈልጋል። ከጣና የሚወጣውን አረም ወደ ብስባሽ መለወጥ መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት መቆየት ይችላል። በሚገባ ሳይሞቅ የቀረ የእንቦጭ ብስባሽ በማሰሮ ተጭኖ ወደ ሌላ ኩሬ አጠገብ ከተወሰደ አረሙን በእጅ እንደ መዝራት ይቆጠራል። ሙቀቱን ለክቶ ማረጋገጥ የማይችል ሰው ቢተወው ይሻላል።

አየር የሚያስገባው አካል

በዚህ በኩል አገራችን የታደለች ናት። ሌላው ዓለም ፐርላይት በእሳት አናፍቶ የሚያገኘውን ቀዳዳማ ድንጋይ የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ አዘጋጅቶ አስቀምጦልናል። ለመንገድና ለግንባታ ሙሌት የሚውለው ሬድ አሽ፣ ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስም ቀዳዳማ በመሆናቸው ጥቂት ውሃ እየያዙ ብዙ አየር ያስገባሉ፤ ዕድሜ ልካቸውንም አይበሰብሱም። ፑሚስ ቀለል ስለሚል ለበረንዳና ለተንጠልጣይ ማሰሮ ይመረጣል፤ ሬድ አሽ ግን ይከብዳል፣ ረጅም ተክል ነፋስ እንዳይጥለው ሲፈለግም ክብደቱ ይጠቅማል።

ከግንባታ ዕቃ ሻጭ የመጣው ሬድ አሽ እንዳለ አይገባም። በሁለት ወንፊት ይነፋል፤ ከ8 ሚሊ ሜትር የሚበልጠውና ከ2 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው ይወገዳል። ብናኙ ካልተወገደ ከውሃ ጋር ወደ ታች ወርዶ የማሰሮውን ቀዳዳ ይደፍናል። ከዚያ በባልዲ ውስጥ ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል።

በፎገራ በኩል ያለ ሰው የሩዝ ገለባ በፐርላይት ቦታ ሊጠቀም ይችላል። አብሮት የሚመጣው የሩዝ ፍሬ እንዳይበቅል ግን አስቀድሞ በፈላ ውሃ ይዘፈዘፍ። ከሰል ቤቶች ወለል ላይ የሚቀረው የከሰል ድቃቂም አመዱ ተነፍቶ ከ10 በመቶ ባልበለጠ መጠን ቢገባ ይጠቅማል። አመድ ራሱ ግን በማሰሮ ውስጥ ቦታ የለውም። የድብልቁን አሲድነት በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል፤ ብዙ የቢጫ ቅጠል ችግርም የሚጀምረው «ምግብ ነው» ተብሎ ከሚበተን የምድጃ አመድ ነው።

ድብልቁ

መጠኑ ሁሉ በይዘት ነው፤ ባልዲም ሆነ ጣሳ፣ መለኪያው አንድ ይሁን። እንደ ፊከስ፣ ድራሲናና ሞንስቴራ ላሉ ቅጠላቸው ለሚፈለግ የቤት ውስጥ ተክሎች 3 እጅ የተብላላ ሰጋቱራ፣ 3 እጅ የተብላላ የቡና ገለባ፣ 3 እጅ ሬድ አሽ ወይም ፑሚስ፣ 1 እጅ የትል ብስባሽ ይደባለቃል። ይህ ከውጭ የሚመጣ ነገር የሌለበትና ለአብዛኛው ተክል የሚበቃ መነሻ ነው። ለጄራንየም፣ ለቡጌንቪሊያና ለማሰሮ ጽጌረዳ የቡና ገለባውን ወደ 2 ዝቅ አድርጎ ጠጣሩን ወደ 4 ከፍ ማድረግ ይበጃል። ሳንሴቬሪያና ሌሎች ውሃ የሚቋጥሩ ተክሎች 6 እጅ ጠጣር፣ 3 እጅ ሰጋቱራና 1 እጅ ብስባሽ ይበቃቸዋል።

ለዘርና ለቁርጥራጭ ማፍያ የተለየ ነው። 6 እጅ የታጠበ ኮኮፒት፣ 3 እጅ ደቃቅ ፑሚስና 1 እጅ የተነፋ የትል ብስባሽ ይወሰዳል፤ የቡና ገለባና የፍግ ብስባሽ እዚህ አይገባም። አዛሊያ፣ ሃይድራንጂያና ጋርዴኒያ አሲድ ስለሚወዱ ከኮኮፒትና ከሰጋቱራ ጋር እንጂ ከከሰልና ከፍግ ብስባሽ ጋር አይስማሙም። በፒት ድብልቅ ላይ የተለመደው ኖራ እዚህ አያስፈልግም፤ የእኛ ብስባሾች ራሳቸው ወደ አልካላይነት፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒ፣ ያዘነብላሉ።

ከመትከል በፊት የሚደረግ ፈተና

የመጀመሪያው ፈተና የአየር ነው። ከሥሩ የተበሳ 1 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይያዝና ቀዳዳው በፕላስተር ይዘጋ። አስቀድሞ በረጠበው ድብልቅ ይሙላና ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ ይደረግ፤ በእጅ ግን አይጠቅጠቅ። ውሃ በዳር በኩል ቀስ ብሎ ይፈስስበትና ላዩ ሲያብረቀርቅ ይቁም፤ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ዕቃው ጎድጓዳ ሳህን ላይ ተደርጎ ቀዳዳው ይከፈታል፤ ጠብታው ሲያቆም ሳህኑ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ይለካል። 150 ሚሊ ሊትር ከሆነ በድብልቁ ውስጥ አየር የያዘው ቦታ 15 በመቶ ነው ማለት ነው። ለአብዛኛው የማሰሮ ተክል ከ10 እስከ 20 በመቶ ጥሩ ነው፤ ከ10 ካነሰ ጠጣሩ ይጨመር፤ ከ25 ካለፈ ውሃ ማጠጣቱ ያታክታል። ፈተናው ሊተከልበት ከታሰበው ማሰሮ ጋር በቁመት በሚቀራረብ ዕቃ ቢደረግ ይበልጥ ይታመናል፤ ያው ድብልቅ አጭር ማሰሮ ውስጥ ሲገባ ይበልጥ ይረጥባልና።

እዚህ ላይ ከማሰሮ ሥር ጠጠር ወይም የሸክላ ስባሪ መደርደር ውሃ ያስወርዳል የሚለው ልማድ መነሣት አለበት፤ አያስወርድም። ውሃ ከረቂቅ ድብልቅ ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ ስለማይሻገር፣ በማሰሮው ግርጌ ይቋጥር የነበረው ርጥበት ከጠጠሩ በላይ ይቋጥርና ወደ ሥሩ ይበልጥ ይጠጋል። ያ ጠጠር ከድብልቁ ጋር ቢደባለቅ የታሰበለትን ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው ፈተና የብስለት ነው፤ ለዚህም ከፌጦ የተሻለ የለም። የብስባሽን መብሰል ለመመርመር በዓለም ቤተ ሙከራዎች ከሚዘሩት ዘሮች መካከል አንዱ ይኸው በየቤታችን ለመድኃኒት የሚቀመጠው ፌጦ ነው፤ ቶሎ ስለሚበቅልና መርዝን በግልጽ ስለሚያሳይ ይመረጣል። ሁለት ዝርግ ሳህን ይዘጋጅ፤ በአንዱ የሚፈተነው ድብልቅ፣ በሌላው የታጠበ አሸዋ ይሁን። በእያንዳንዱ ላይ 20 የፌጦ ፍሬ ተበትኖ በፕላስቲክ ይሸፈንና ፀሐይ የማያገኘው ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጥቂቶቹ በጥንቃቄ ተነቅለው ይታዩ። ጤናማው ሥር ነጭ ነው፤ ከጫፉ ጥቂት ከፍ ብሎም እንደ ጥጥ የለሰለሰ ፀጉር ይታይበታል። ድብልቁ ካልበሰለ ሥሩ አጥሮ ይጠማዘዛል፣ ጫፉ ቡናማ ይሆናል፣ ፀጉሩም አይታይም። በአሸዋው ላይ ካሉት ጋር ሲነጻጸር ከአምስት አራቱ እንኳ ካልበቀሉ ወይም ሥራቸው ከግማሽ በታች ካጠረ ድብልቁ ይታጠብ፤ ካልሆነም ለሌላ አንድ ወር ይብላላ። ድብልቁ ረጥቦ በታሰረ ፕላስቲክ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ቆይቶ ሲከፈት ቢኮመጥጥ ወይም የሽንት ሽታ ቢሸት ሌላ ምርመራ ሳያስፈልገው ያው ፍርድ ይሰጠዋል።

ውኃውና ምግቡ

በፒት የለመደ እጅ በአዲሱ ድብልቅ ላይ የሚሳሳተው በውሃ ነው። ፒት ሲደርቅ ከማሰሮው ግድግዳ ተላቆ ይሸሻል፣ ቀለሙም ይነጣል፤ ስለዚህ አብቃዩ በዓይኑ ያውቃል። ኮኮፒትና ሬድ አሽ ያለበት ድብልቅ ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ሊሆን ይችላል። ላዩን ዓይቶ ማጠጣት ሥሩን ያበሰብሰዋል። ማሰሮውን በእጅ አንሥቶ ክብደቱን መለማመድ፣ ወይም ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ማስገባት ይሻላል። ሲጠጣም ከሥር ጥቂት እስኪወጣ ይጠጣ፤ በጥቂት በጥቂቱ ማርከፍከፍ ጨው ያከማቻል።

ሰጋቱራ ያለበት ድብልቅ የቱንም ያህል ቢብላላ ናይትሮጅን መሳቡን ወዲያው አያቆምም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሁለት ሳምንቱ በ1 ሊትር ውሃ 1 ግራም ዩሪያ አሟሙቶ ማጠጣት ይበቃዋል። የቅጠሉ ቀለም የጎደለውን ይናገራል። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን አንሷል፤ አዲሶቹ ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ድብልቁ አልካላይ ሆኖ ብረት ተከልክሏል፤ ጫፋቸው ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ደግሞ ጨው በዝቷልና ማሰሮው ከይዘቱ ሁለት እጥፍ በሆነ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ።

በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ አብቃዮች የጫፍ መድረቅን በጨው ብቻ አያሳብቡት። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ድራሲናና ክሎሮፊተም ደግሞ ለፍሎራይድ በጣም ስሱ ናቸው። ለእነዚህ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም የተሻለ ነው። ይህ በማይቻልበት ድብልቁ ከመጠን በላይ አሲዳማ እንዳይሆን መጠበቅ ፍሎራይዱ ወደ ተክሉ የሚገባበትን መጠን ይቀንሰዋል።

ከፒት የመጣን ተክል ማዛወር

ቀድሞ በፒት ያደገ ተክል ወደ አዲሱ ድብልቅ ሲዛወር ሥሩን የያዘው የድሮው የፒት ጓል እንዳለ ከተቀመጠ ሁለቱ በአንድ ማሰሮ ሁለት ዓይነት ጠባይ ይዘው ይኖራሉ። ጓሉ አንዴ ከደረቀ ውሃ አልቀበልም ይላል፤ የሚጠጣው ሁሉ በዙሪያው ባለው ልቅ ድብልቅ በኩል ወርዶ ይወጣል፣ ተክሉም ርጥብ ማሰሮ ውስጥ ይጠማል። ስለዚህ ማሰሮው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ። ከዚያ ዙሪያውን የተጠመጠመው ሥር በጣት ይፈታ፤ ከጓሉ ውጫዊ ክፍልም ሲሶ ያህሉ ቀስ ተብሎ ይራገፍ። ከተተከለ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ውሃው ከዳር ሳይሆን ከግንዱ አጠገብ ይፍሰስ፤ አዲስ ሥር ወደ አዲሱ ድብልቅ እስኪሻገር ድረስ የሚጠጣው ከዚያው ከድሮው ጓል ነውና። ዩሪያውም የሚጀመረው አዲስ ቅጠል ሲታይ ነው።